የሾላ ሜዳ ኪዳነ ምሕረት እርጥብ ግድግዳ

ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ከጎንደር ግንብ ሌላ ግንብ ያለ አይመስለውም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ኖራ ሳቦካና የግንቦቹን ስንጥቅ ስደፍን የኖርኩ ግንበኛ ነኝና በሽታው በእኔ ይብሳል። ምዕራብ ጎጃምን የማውቀው ወደ አዲስ አበባ ስወርድ በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ነበር። ባለፈው መጋቢት ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ዋልኩበት፣ አደርኩበት። ከተመለስኩ ወዲህ ባለቤቴ «ለእኔ ብቻ ከምትደጋግመው ጻፈውና ሌላውም ይስማልህ» ስላለችኝ ይኸው ጻፍኩ።

የጉዞው ምክንያት ቄስ ይልቃል ናቸው። ከቡሬ ወጣ ብላ የምትገኝ የሾላ ሜዳ ኪዳነ ምሕረት የምትባል የገጠር ቤተ ክርስቲያን ገበዝ፣ ማለትም የሕንፃዋና የንብረቷ ጠባቂ ናቸው። ለጥምቀት ጎንደር መጥተው ሳለ እኛ መወጣጫ ላይ ቆመን ድሮ የተለሰነ ሲሚንቶ ከግንብ ላይ ስንፍቅ አዩ። ሰው ሁሉ ፎቶ ሲነሳ እሳቸው ከሥር አንጋጠው ቀሩ። «ምነው፣ ደኅናውን ሲሚንቶ ታፈርሱታላችሁ?» አሉኝ። ወርጄ አስረዳኋቸው። የጥንት ግድግዳ ከመሬት የሚስበውን እርጥበት መልሶ በፊቱ ይተነፍሰዋል፤ ሲሚንቶ ሲለብስ ግን አፉ ይታፈንና ውሃው ውስጥ ለውስጥ ያበሰብሰዋል አልኳቸው። የተፋቀውን ድንጋይ በመዳፋቸው ዳስሰው «እኛም ዘንድ አንዲት የታመመች ግድግዳ አለች» አሉ። ሕመሟን ግን አልነገሩኝም። ጎጃሜ ነገሩን ባንዴ አይዘረግፈውም።

የመጀመሪያው ቀን፣ ማክሰኞ

ከጎንደር በጠዋቱ አውቶቡስ ተነሳሁ። ከልብሴ ይልቅ የከበደኝ ጓዝ አንድ ጆንያ ኖራ ነበር። ጎጃም ጥሩ ኖራ የለም ብዬ የወሰንኩት ራሴ ነኝ፤ ማንንም አልጠየቅኩም። ረዳቱ እያጉረመረመ ጣራ ላይ አሰረው። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ስለከረመ ሾፌሩ በየከተማው ቆሞ ከፊት ያሉትን ጓደኞቹን በስልክ «እንዴት ነው?» ይላል። ሰላም ነው ተባልን፤ ሰላምም ነበር።

አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ጣራ ወጥቶ ጆንያዬን በብረት ወጋ ወጋ አደረገው።

«የማን ነው ይሄ ነጭ ነገር?»

«የእኔ ነው። ኖራ ነው፤ ቡሬ ለቤተ ክርስቲያን ግድግዳ።»

«ቡሬ ድረስ ጭቃ ጠፍቶ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ያኔ ተናደድኩ፤ ስለ ግድግዳ ምን ያውቃል ብዬ። ከዚያ ሁሉ ሰው ልክ የተናገረው እሱ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው። የወጋው ቀዳዳ ግን ባሕር ዳር እስክንገባ ድረስ ኖራውን ሲያንጠባጥብ ቆይቶ የጣራውን ዕቃ ሁሉ አልብሶት አገኘነው። አንዲት እናት «ወይ ፍራሼ! ላራስ ልጄ የያዝኩት!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። ምን አፍ አለኝ? ፍራሹን መናኸሪያው አጥር ላይ ሰቅዬ በዱላ ስወቃ ዋልኩ። እናቲቱ መጀመሪያ እየተቆጡ፣ ኋላ እያዘኑልኝ፣ በመጨረሻ ከመቀነታቸው ቆሎ ፈተው እያቃመሱኝ አብረውኝ ቆዩ። «ይተዉት እንግዲህ፣ አራስ ነጭ ላይ ብትተኛ ክፉ አይዶለም» ብለው ሲሄዱ ዓይኔ በኖራው ተቃጥሎ በደንብ እንኳ አላየኋቸውም።

ባሕር ዳር አደርኩ። ሙቀቱ እንቅልፍ አሳጣኝ። እኛ በመጋቢትም ብርድ ልብስ አንጥልም።

ሁለተኛው ቀን፣ ረቡዕ

ከባሕር ዳር ወደ ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ሄድኩ። መራዊ አካባቢ አንገቴን ከመስኮት መመለስ አቃተኝ። በመጋቢት የእኛ አገር ምድር አመድ ይመስላል፤ እዚህ ግን የቆጋ ውሃ በቦይ እየገባ ስንዴው ለምልሟል፣ ድንቹ ያብባል፣ ሽንኩርቱ ተነቅሎ በየማሳው ተከምሯል። አጠገቤ የተቀመጠው ገበሬ ማድነቄን አይቶ «ውሃው ተራ አለው፤ ተራውን የዘለለ ኸማኅበሩ ይወጣል» አለኝ። «ጠብም አለ?» ስለው «ውሃ ባለበት ጠብ መች ይጠፋል፤ ብቻ ውሃው ይበልጣል» ብሎ ሲወርድ ሦስት ራስ ሽንኩርት ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ።

እንጅባራ ላይ ብርዱ ጎንደርን አስናቀኝ። ሁሉም ሰው ፈረስ አለው ማለት ይቻላል፤ ሽማግሌው ሁሉ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ያልፋል። ቡሬን ልወርድባት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ቅርስ ያለ ደብዳቤ አይነካምና የዞኑ ከተማ ፍኖተ ሰላም ድረስ አልፌያት ሄድኩ። ከመናኸሪያ ወደ ማደሪያዬ ባጃጅ ጆንያዬን አልወስድም ስላለኝ በፈረስ ጋሪ ሄድኩ። ባለ ጋሪው የከተማውን መሥሪያ ቤት ሁሉ እያሳየ «ይሄ ፍርድ ቤቱ፣ ያ ሆስፒታሉ» ሲለኝ፣ እኔም ግንብ እንደሚያስጎበኘኝ ቆጥሬ ራሴን ነቀነቅኩለት። ማታ የበላሁት ሽሮ የቡሬ በርበሬ ነበረበት፤ እንባዬን እየጠረግኩ ጨረስኩት።

ሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ

ቢሮ የተቀበለችኝ የቅርስ ባለሙያ ወጣት ናት፣ ግን ሥራዋን ታውቃለች። የቤተ ክርስቲያኗ ሥዕሎች በመዝገብ መኖራቸውን አሳየችኝ፤ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ግን ሄዳ እንዳላየቻቸው ነገረችኝ። «ከመንካትዎ በፊት ፎቶ ያንሱና ይላኩልኝ። ሥዕሉን በጣትዎ እንዳይነኩ» ብላ ደብዳቤውን ሰጠችኝ። ለእኔ ለጎንደሬው ይህ ይነገራል ወይ ብዬ ትንሽ ቅር አለኝ።

ቡሬ ተመልሼ ስወርድ ቄስ ይልቃል ከአንዲት ፈረስ ጋር ቆመው አገኘኋቸው። ፈረሷ ለእኔ መስላኝ ስዘጋጅ ኖራውን ጫኑባት። ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። የዳጉሳና የበርበሬ ማሳው ታጭዶና ተለቅሞ ባዶውን ነው፤ ከብቶች ቃርሚያ ይግጣሉ። ስለ ግድግዳዋ ሦስት ጊዜ ጠየቅኳቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ «ነገ ያዩዋታል» አሉኝ።

ቤታቸው ስንደርስ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻረግ እግሬን በሞቀ ውሃ አስነክረው፣ የዳጉሳ እንጀራ በስልጆ አቀረቡልኝ። ወገናቸው ከአዊ ነው፤ ከእናታቸው ጋር በስልክ በአገውኛ ሲያወሩ እኔ ከንግግሩ «ጎንደር» የምትለዋን ብቻ ለየሁ። ለመኝታ የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልኝ። እምቢ ብልም ማን ሰምቶኝ፤ ቄሱ መደብ ላይ ቀድመው ተኝተዋል።

አራተኛው ቀን፣ ዓርብ

ቀኑ አሥራ ስድስት፣ የኪዳነ ምሕረት ወርኃዊ በዓል ነበር። በዐቢይ ጾም ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ነው የሚያልቀው፤ እስከዚያ እህል አይቀመስም። ይህን የማነሳው ለጥፋቴ ሰበብ እንዲሆነኝ ነው።

ቤተ ክርስቲያኗ ክብ ናት፤ ግድግዳዋ እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኗ ቆርቆሮ። ከውጭ ሲያዩዋት እንደ እሷ ያለች በየኮረብታው አለች። ጫማዬን አውልቄ ቅድስት፣ መቅደሱን ወደሚከበው ክፍል፣ ስገባ ግን ሌላ ሆነችብኝ። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሞልቷል። ጭቃው ላይ ጨርቅ ተለጥፎ፣ ጨርቁ ላይ ተሥሏል። ቀዩ እንደ ትናንት ነው። ጎንደርም እንዲህ ያለ አለን እንዳልል፣ ያለንን አውቀዋለሁ፤ የዚህን ያህል ሙሉ ሆኖ የተረፈ ብዙ የለንም። ቀናሁ።

ወደ ደቡቡ፣ ወደ ሴቶቹ ወገን ስንዞር ነገሩ ተገለጠልኝ። ከኪዳነ ምሕረት ሥዕል ሥር ግድግዳው ከወለል እስከ ደረት ድረስ በሲሚንቶ ተለስኗል። ሲሚንቶው ያልበዋል። ከኮረብታዋ ሥር ምንጭ አለ፤ በበጋም እርጥበቱን ጭቃው ይስበዋል፤ መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ወጥቶ በእመቤታችን ቀሚስ ጫፍ ላይ ይንጠባጠባል። ጨርቁ መላቀቅ ጀምሯል። ሴቶቹ በሰልፍ እየመጡ ያንን ጠብታ በነጠላቸው ጫፍ ያነሱና ግንባራቸውን፣ የታመመ ዓይናቸውን ያብሱበታል።

«ምንድን ነው የሚያደርጉት?» አልኩ።

«ኪዳነ ምሕረት አነባች እኮ፤ እንባዋ ጠበል ሆኖልናል» አሉኝ አንድ ሽማግሌ በደስታ።

ረኃብ ተናገረ ልበል፣ ጎንደሬነቴ፦ «ምን እንባ ነው! ሲሚንቶው ነው እንጂ!» አልኩ፤ ጮክ ብዬ።

ሴቶቹ ባሉበት ቆሙ። ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «በጾም አፍዎ ባይናገሩት ይሻልዎ ነበር» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ከቅዳሴ በኋላም ጸበል ጸዲቁ ሲታደል ከፊቴ ያለው ደረሰው፣ ከኋላዬ ያለው ደረሰው፣ እኔን ዘለለኝ።

ቤት ስንገባ ቄስ ይልቃል «ካፍ ከወጣ አፋፍ» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉን ዘረገፉልኝ። ሲሚንቶውን ያስለሰኑት እመት አንጓች የሚባሉ ባልቴት ናቸው። ልጃቸው ሙሉቀን በጠና ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ቢድንልኝ የምቆምበትን ግድግዳ አሳምርልሻለሁ ብለው ተሳሉ። ልጁ ዳነ። እሳቸውም ሲሚንቶውን በአህያ ከቡሬ አስጭነው ስለታቸውን አደረሱ። ክረምቱ ሲያልፍ ግድግዳዋ ማንባት ጀመረች፤ ኪዳነ ምሕረት ስለቷን ወደደችው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ምእመኑ ሁሉ ስለቱን ሲሚንቶ አደረገው። አሁን ዕቃ ቤቱ እስከ ጣራው በሲሚንቶ ሞልቷል፤ በሚመጣው ሳምንት ለሳኝ ከቡሬ መጥቶ የመቅደሱን ዙሪያ በሙሉ ሊለብጠው ነው።

«በሙሉ?» አልኩ። ያ ቀይ ዓይኔ ላይ መጣ።

«በሙሉ። እኔ ጎንደር ያሉኝን ኸሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ግን ስለት ነው፤ ስለት እንዴት ይመለሳል? የእመት አንጓችን ደስታ እንዴት ልንጠቅ? እንግዳ ቢናገረው ይሻላል ብዬ ነበር።» ትንሽ ቆይተው «እንዲህ ይናገሩታል ብዬ ግን አልነበረም» አሉ። አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ

ጠዋት መንገድ ላይ ሰላምታ የሰጠኝ ሰው የለም። ወይዘሮ የሻረግ ግን ምንም እንዳልሆነ ተልባ ፍትፍት አቀረቡልኝ፤ ጎረቤትም በተቆጣችበት አፏ «ለእንግዳው» ብላ ጠላ ላከች። ጎንደር ቢሆን ኖሮ ቁጣውና ጠላው አብረው አይመጡም ነበር።

ረፋድ ላይ አንዲት ቀጭን ሴትዮ በትራቸውን ይዘው ገቡ። እመት አንጓች ነበሩ። ተነስቼ ቆምኩ። «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» አሉኝና እሳቸው ሳይቀመጡ «እስቲ ያሉትን ለእኔ ቀስ ብለው ይንገሩኝ» አሉ።

መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ ስለ እርጥበት፣ ስለ ጭቃ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ቃላቴ ግን የቢሮ ቃላት ሆኑብኝ። እሳቸው አያዩኝም። ዓይናቸው ጥጉ ላይ የቆመው የወይዘሮ የሻረግ ጎታ ላይ ነው፤ ከጭቃና ከእበት የተሠራ ትልቅ የእህል ማስቀመጫ።

«ጎታ ሠርተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ስንቱን! የዚህ መንደር ጎታ ግማሹ የእኔ እጅ ነው።»

«ታዲያ ጎታውን ከውጭ በላስቲክ ቢጠቀልሉት...»

አላስጨረሱኝም። «እህሉ ይሻግታላ» አሉ ወዲያው። ካሉ በኋላ ራሳቸው ያሉትን ሰሙት። በትራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ረጅም ጊዜ ጎታውን አዩ። «የሰሜኑ ግድግዳ ደረቅ ነው?» ብለው ቄሱን ጠየቁ። ቄሱ «ደረቅ ነው» አሉ። በትራቸውን እየተመረኮዙ ወጡ። ተከትያቸው ልወጣ ስል ወይዘሮ የሻረግ በእጃቸው ከለከሉኝ።

ስድስተኛው ቀን፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑ ከዛፎቹ ሥር ተቀመጠ። ቄስ ይልቃል የባለሙያዋን ደብዳቤ አነበቡ። ፎቶዎቹን ቅዳሜ ልኬላት ስለነበር «ሲሚንቶው ይነሳ፣ ሌላ እንዳይጨመር» ብላ በስልክ መፍቀዷንም ተናገሩ። ማንም ደስ አላለውም። የዓርቡ ሽማግሌ ተነሱ።

«ብንሰማዎ፣ የዓለም ቅርስ ይሆናል? እንደናንተ ግንብ ይመዘገባል?»

መዋሸት ቀላል ነበር። «አይመስለኝም» አልኩ። «መዝገቡ ረጅም መንገድ ነው፤ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ላትደርስበት ትችላለች። ግን አባቴ፣ የእኛም ግንብ የተመዘገበው ቀድሞ ስለተጠበቀ ነው። ያልቆየ ነገር ማን ይመዘግባል?»

«እንግዲያ ለማን ብለን ስለታችንን እናፍርስ?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ብዙ ሰውም አጉረመረመ። ነገሩ ሊበላሽ እንደሆነ ታወቀኝ። አፌን ልከፍት ስል ቄሱ እጄን ያዙ።

ያኔ እመት አንጓች ከሴቶቹ መካከል ተነሱ።

«እኔ ጎንደሬው የሚሉትን ሁሉ አላውቅም» አሉ። «እንባ ነው ስትሉ ነበር፤ እንባ ነው እላለሁ እኔም። ግን አንዲት እናት በቤታችሁ ስታነባ፣ እንባዋን በነጠላችሁ እየጠረጋችሁ ትሄዳላችሁ? ምን አስለቀሰሽ አትሏትም? ዓመት ሙሉ ስታለቅስ አንዳችን አልጠየቅናትም። እኔ ጠየቅኋት። ትናንት በቀን፣ በሩ ተከፍቶልኝ፣ በሰሜን ቆሜ ዳሰስኳት፣ በደቡብ ቆሜ ዳሰስኳት። አፏን ያፈንኋት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ስለትሽስ?» አለቻቸው አንዷ ቀስ ብላ።

እመት አንጓች ወደ ቄሱ ዞሩ። ይህን ጥያቄ ፈርተውት እንደነበር ፊታቸው ይናገራል፤ የልጃቸው ሕይወት ያለው እዚያ ሲሚንቶ ውስጥ ነው። ቄስ ይልቃል ተነስተው መስቀላቸውን አወጡ። «ስለትሽን ተቀብላለች፤ ልጅሽ ቆሟል። የምናነሳው ሲሚንቶውን ነው እንጂ ስለቱን አይዶለም» አሉና አሳለሟቸው። ዕቃ ቤት ያለው ሲሚንቶ ለቤተ ክርስቲያኗ አጥርና ለመግቢያ በሯ እንዲሆን፣ የመቅደሱ ግድግዳ ግን በጭቃ እንጂ በሌላ እንዳይነካ ተወሰነ። ማታ ራቴን ስንት ቤት እንደበላሁ አላስታውስም፤ ዓርብ የዘለሉኝ ሁሉ ጠሩኝ።

የእኔ ኖራስ? «ለጭቃ ግድግዳ ጭቃ ነው» አሉኝ ሴቶቹ እየሳቁ። ትክክል ናቸው። ከጎንደር የተሸከምኩት ጆንያ ለመንደሩ ትምህርት ቤት መጸዳጃ ጉድጓድ ተሰጠ።

ሰባተኛው ቀን፣ ሰኞ

ጠዋት መዶሻና መሮ ይዤ ገባሁ። እመት አንጓች ቀድመውኝ ቆመዋል። መሮውን ከእጄ ወሰዱ። ልከለክላቸው ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። እጃቸውን ይዤ የት እንደሚመታ አሳየኋቸው፤ የመጀመሪያውን ምት እሳቸው መቱ። ከዚያ ሥራውን እኔ ተቀበልኩ። ሲሚንቶው እንደ ቅርፊት እየተላቀቀ ወረደ። ከሥሩ ጭቃው ጠቁሮ፣ ረጥቦ፣ የሻገተ እህል ይሸታል። ሽታውን ሲሰሙ ጭቃ ሊያቀርቡ የመጡት ሴቶች ሁሉ ተያዩ፤ ከዚያ ወዲያ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

እኩለ ቀን ላይ፣ ከእመቤታችን እግር ሥር፣ ሲሚንቶው ሸፍኖት የነበረ የሥዕል ቁራጭ ብቅ አለ። እጄን ሰበሰብኩ። አንዲት ትንሽ ሴት በግንባሯ ተደፍታ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ተሥላለች። ድሮ ሥዕል የሚያሠራ ሰው ራሱን እንዲህ ከእግር ሥር ያሥል ነበር። ግማሽ ገላዋ ከጨርቁ ጋር በስብሶ ሄዷል። ከራሷ በላይ ጽሑፍ አለ። ቄስ ይልቃል ሻማ አስጠግተው አነበቡ።

«‹ተማኅፀነት ወለተ...› ይላል። ተማጠነች ማለት ነው። ይህን ሥዕል ያሠራች ሴት ናት።»

«ወለተ ማን?» አሉ እመት አንጓች።

ቄሱ ጎንበስ ብለው ደግመው አዩ። የቀረው ፊደል የለም፤ ከሲሚንቶው ጋር ተልጦ ወርዷል። የወደቀውን ስብርባሪ አንድ በአንድ ገልብጬ ፈለግኩ፤ ነጭ አቧራ ብቻ ነው።

«ጠፍቷል» አልኩ።

እመት አንጓች ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። ሥዕሏን አልነኩም፤ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። እሷም ስለት ነበረባት፤ ማን ታሞባት እንደነበር ማን ያውቃል። እኔ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም፣ ለመያዝም አልሞከርኩም።

«አባ» አሉ በመጨረሻ፤ «በቅዳሴ ስሜን ሲያነሱ እሷንም ያንሱልኝ።»

«በምን ስም ላንሳት፣ እመት?»

«በእኔ ክርስትና ስም። ሁለት ጊዜ ይጥሩት፤ አንዱ የእሷ ነው።»